ከመርከብ የወረደ ካፖርት

ሰው ጥፋቱን ሲናገር ከመጨረሻው ቢጀምር ይሻላል። ከመጀመሪያው የጀመረ እንደሆነ ራሱን እያባበለ ይሄድና ጥፋቱ ላይ ሳይደርስ ይመሽበታል። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ ልናገረው። አንዲት የሰማንያ አምስት ዓመት ሴት እህታቸው ሞታ ሳለ፣ እኔ እያወቅሁ፣ አራት ቀን ሙሉ ደብቄያቸዋለሁ። ሾርባቸውን እያሞቅሁ፣ ጥፍራቸውን እየቆረጥኩ ቀብሩን አሳልፌባቸዋለሁ። በክፋት አልነበረም። በክፋት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል አላጣም ነበር።

ሥራዬ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ቤታቸው ሄጄ መንከባከብ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአክስቴ ጋር ሲሆን ሴትዮዋ ከዋናው ከተማ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነበሩ፤ ጠዋት በሬድ ላይን ባቡር እወርድና መሐል ከተማ ባቡር ቀይሬ፣ ከጣቢያው ደግሞ አሥር ደቂቃ በእግሬ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደዚያ ተመላለስኩ። ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። ባላቸው ሞቷል፤ ልጅ አልወለዱም። በእንግሊዝኛ አንቱ ማለት ስለማይቻል በአፌ እንደ እኩያዬ እያናገርኳቸው በልቤ አንቱ ስላቸው ኖርኩ። እዚህም የምጽፈው እንደ ልቤ ነው።

የመጀመሪያ ቀን በሩን ከፍተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ አልኳቸው።

"ቀይ ባሕር አጠገብ?"

"አጠገብ ነው፤ አሁን ግን ባሕር የለንም" አልኩ።

"እናቴ እዚያ ናት" አሉኝ። "ታች፣ ውኃው ውስጥ።"

ነካ ያደረጋቸው ሴት ዘንድ መድበውኛል ማለት ነው ብዬ ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ። ኋላ እንዳየሁት ጭንቅላታቸው ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደኅና ዋሉ ከማለታቸው በፊት የሚያወሩለት አንድ ጉዳይ ግን ነበራቸው፤ እሱም መርከብ ነው።

የአንድ የሆላንድ መርከብን ታሪክ ይጽፉ ነበር። መጽሐፍ አይደለም፣ ካርድ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት ሲወጡ ይዘውት የመጡት ትናንሽ መሳቢያዎች ያሉት የእንጨት ሳጥን አለ፤ በውስጡ ለአንድ ተሳፋሪ አንድ ካርድ። ማን እንደሆነ፣ ከየት ተሳፍሮ የት እንደወረደ፣ ምን ይዞ እንደነበር፣ ኋላ ምን እንደሆነ። በየአገሩ ደብዳቤ እየጻፉ ከልጅ ከልጅ ልጅ የለቀሙት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እንዴት ለብረት እንዲህ ይደክማል እያልኩ በሆዴ አሾፍባቸው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ካርዶቹን በፊደል ተራ የማስቀምጠው እኔው ሆንኩና ተሳፋሪዎቹን እንደ ጎረቤት አወቅኋቸው። የልብስ ስፌት መኪናዋን ማንም አይነካብኝም ብላ አልጋዋ ላይ አስተኝታ ራሷ መሬት የተኛችው ሴት አሁንም ፊቴ ላይ አለች።

መርከቡ የተሠራው ከጦርነቱ በፊት ለባለጸጎች ነው። የምግብ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ወፎች ተስለውበት ነበር ይላሉ። ጦርነት ሲመጣ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ወታደር ተጫነበት። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃፓኖች ካምፕ ዘግተውባቸው የነበሩትን የሆላንድ ሴቶችና ልጆች ለማምጣት ተላከ። ከዚያ በኋላ ስደተኛና ተማሪ ወደ አሜሪካ ሲያመላልስ ቆየና አውሮፕላን ሲበዛ ተሸጠ፤ ስሙን ለወጡት፤ በመጨረሻም እስያ ውስጥ አንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ጎትተው አውጥተው ቆራረጡት። "አሁን የስንቱ ሰው መጥበሻ ሆኗል" ይሉ ነበር ሴትዮዋ። ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ ይስቃሉ።

እሳቸው በዚያ መርከብ ሁለት ጊዜ ተሳፍረዋል። የመጀመሪያው ከካምፑ ሲወጡ ነው፤ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ታላቅ እህታቸው አሥራ ሦስት። አባታቸው ካምፕ ውስጥ ሞተዋል፤ እናታቸው ወደ መርከቡ የወጡት በሰው ትከሻ ነው። መርከቡ ቀይ ባሕር እንደገባ እናትየው አረፉ። ሙቀቱ ስለማያቆይ በዚያው ቀን በሸራ ጠቅልለው ለባሕር ሰጧቸው። ይህን ያየችው ታላቂቱ ብቻ ናት። ለትንሿ ማን ይንገራት? ታላቂቱ እጇን ይዛ አንድ ነጭ በር አሳየቻትና "እማዬ ሐኪም ቤት ገብታለች፤ ልጅ አይገባም" አለቻት።

ስዊዝ ቦይ አጠገብ መርከቡ ቆመ። ከሙቀት አገር ለመጡት ሰዎች የአውሮፓን ብርድ የሚችሉበት ልብስ የሚታደልበት መጋዘን ነበር። ተሰልፈው ካልሲ፣ ጫማ፣ ካፖርት ተቀበሉ። ታላቂቱ ለራሷና ለእህቷ መርጣ ስትጨርስ ትንሿ "ለእማዬስ?" አለች። ታላቂቱ አንድ ግራጫ የሱፍ ካፖርት አነሳች፤ እጅጌውን በራሷ ክንድ ላይ ዘርግታ ለካችው፤ "ይሆናታል" አለች።

ከዚያ እስከ ሮተርዳም ድረስ ትንሿ ካፖርቱን ታቅፋ በየቀኑ ነጩ በር ሥር ትቀመጥ ነበር። እናቷ እንድትሰማት እየዘፈነች። መርከቡ ደርሶ ሲወርዱ የተቀበሏቸው አክስት "ይሄ የማን ነው?" አሏት። "የእማዬ ነው፤ ከኋላ እየመጣች ነው" አለች። አክስትየው እዚያው ወደቡ ላይ፣ ሻንጣ በሚያልፍበት መሐል ነገሯት።

ሁለተኛው ጉዟቸው በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አሜሪካዊ አግብተው ሲመጡ። መርከቡ ያው መሆኑን ሲያዩ ሄደው ነጩን በር ፈለጉት። አንድ አስተናጋጅ ከፈተላቸው። የአንሶላ ማስቀመጫ ነበር፤ ድሮም እንደዚያው እንደነበር ነገራቸው።

"ሞቷን በመደበቋ አልተቀየምኳትም" አሉኝ አንድ ቀን። "ልጅ ነበረች። ግን ካፖርቱን ለካችው።"

ካፖርቱ አሌክሳንድሪያ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ብል እንዳይበላው በዓመት ሁለት ጊዜ በረንዳ ላይ ፀሐይ የማሰጣው እኔ ነኝ። እጅጌውን አውቀዋለሁ፤ የውስጡን ገበር አውቀዋለሁ። ይህንን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያደረግሁትን ያደረግሁት።

በዚያ ሁሉ ካርድ መሐል አንድ ያልተሞላ ነበር፤ የእናታቸው። የሞቱበት ቀን የሚለው መስመር ባዶ፣ ቦታ የሚለውም ባዶ። ቀይ ባሕር መሆኑን እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቁም፤ ያገኙት ወረቀት ሁሉ "በጉዞ ላይ" ብቻ ይላል። ቀኑንና ቦታውን፣ ሸራው ሲወርድ ማን ምን እንዳለ፣ የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ታላቅ እህታቸው። ሆላንድ ተመልሳ ነው የኖረችው። ስለዚያ ቀን ጠይቀዋት አልናገርም አለች፤ ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት አልተነጋገሩም። በዚህ ዓመት ግን የእህታቸው ልጅ ደወለ። እናቱ ዘጠና ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ታማለች፣ መናገር እፈልጋለሁ ብላለች፤ እሑድ በቪዲዮ ተገናኙ አላቸው። ሴትዮዋ ስልኩን ዘግተው የእናታቸውን ካርድ ከሳጥኑ አወጡ። "ሁለት መስመር ነው የቀረኝ" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድን ይጠብቁ ነበር፤ መድኃኒታቸውን ሳልነግራቸው የዋጡት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ስለ መርከቡ ምግብ አዳራሽ እያወሩኝ ነበር። ካምፕ ውስጥ ዓመታት የተራቡ ሴቶች ወፍ በተሳለበት ጣሪያ ሥር ተቀምጠው፣ ነጭ ልብስ የለበሰ አስተናጋጅ ቅቤ በሰሐን ያቀርብላቸዋል። አንዲት የዳኛ ሚስት ዳቦውን ትታ ቅቤውን በማንኪያ ጠርጋ በላችውና "ሾርባው ግሩም ነው፤ ድገመኝ" አለችው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ እስኪያስነባቸው ድረስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው፤ ወጥ ቤት ሄጄ አነሳሁት።

የእህታቸው ልጅ ነበር። እናቱ ጠዋት አርፋለች። ቀብሩ ዓርብ ነው፤ እኛ ዘንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፤ በቪዲዮ ስለሚተላለፍ አክስቱ ማየት እንደምትችል ነገረኝ። የራሴን ስልክ ቁጥር ጠየቀኝና ሰጠሁት። "አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል፤ አጠገቧ ያለሽው አንቺ ነሽ" አለኝ።

ወደ ሳሎን ስመለስ ዓይናቸውን በናፕኪን እየጠረጉ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ፋርማሲው ነው" አልኩ። አስቤ አይደለም፤ አፌ ራሱ ነው ያለው።

ምን ላድርግ? እኔ ባደግሁበት አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። ምሳ በአፉ ላለ ሰው፣ በቀትር፣ ብቻውን፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት ይኬዳል፣ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል፣ ሆዱ ባዶ እንዳይሆን እህል ይቀማመሳል፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ይናገራል። እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ እጄ ላይ የሾርባ ሰሐን ነበር።

ሥራ ስጨርስ ከባቡር ጣቢያው ለአክስቴ ደወልኩላት።

"ነገርሻቸው?" አለች መጀመሪያ።

"አልነገርኳቸውም።"

"ጎሽ። ብቻሽን መርዶ ይነገራል እንዴ? ሰው አላቸው?"

"ማንም የላቸውም።"

"እንግዲያው ሰዋቸው እኛ ነን። ጋሼን ኮል አደርገዋለሁ። እኔ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ እሱም ቅዳሜ ጠዋት ሺፍት የለውም። ማልደን እንሄዳለን።"

"ቀብሩ ዓርብ ነው፤ በቪዲዮ ይታያል ብለዋል።"

"ፊውነራል በስልክ አይተው ምን ሊሆኑ? ሲወድቁ አንቺ ልታነሻቸው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ልጄ። ይቆይ።"

ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሆቴል ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት። የአባቴንም መርዶ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም በአክስቴ ሳሎን፣ ቅዳሜ ጠዋት። አባቴ ካረፈ ያኔ ሁለት ወር አልፎ ነበር። አዲስ መጤ ነኝ፣ ሥራ ገና መያዜ ነው፣ ትወድቅብናለች ብለው ሰው እስኪሰበሰብ ቆዩ። በእነዚያ ሁለት ወራት ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ደውያለሁ፤ አባዬ ተኝቷል፣ አባዬ ወጣ ብሏል ይሉኝ ነበር። ብርድ ስለማይስማማው ሹራብ ገዝቼ በሰው እጅ ላክሁለት። "ደርሶታል፤ ልክ ሆነለት" አለኝ ወንድሜ። መርዶውን ስረዳ ግራና ቀኝ ክንዴን የያዙኝ ሰዎች ነበሩና ሳልወድቅ ቀረሁ። እንዴት የሚወዱኝ ሰዎች አሉኝ ብዬ አመሰገንኩ። ስለ ሹራቡ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩት እንኳ አይደለም፤ ከነጭራሹ አልነካሁትም።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ሴትዮዋ ልብሳቸውን ለባብሰው ጠበቁኝ። እሑድ የሚናገሩትን እንዳይረሱ በትልቁ እንድጽፍላቸው ባዶ ካርድ ሰጡኝ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

"ከጥያቄው አልጀምርም" አሉ። "በጥያቄ ከጀመርኩ ትፈራኛለች። መጀመሪያ ይሄን ጻፊ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። አሁን ገብቶኛል።"

ጻፍኩት። እጄ ምንም አልሆነም፤ ጽሕፈቴ ቀጥ ያለ ነበር። ካርዱን በእጃቸው ይዘው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ። ከዚያ ከጠረጴዛው መብራት ሥር አቆሙት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ስልኬ ላይ የእህታቸው ልጅ መልእክት መጣ። "እናቴ ከአክስቴ አንድ ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ አክስቴ የምትለው ነገር ካለ ቀብሩ ላይ አነብላታለሁ" ይላል። ቃሉ ያለው ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በገዛ እጄ ተጽፎ፣ መብራቱ ሥር ቆሞ ነበር። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? እጅግ አዝነዋል፣ አሁን መናገር አይችሉም ብዬ። ሳይረዱ ያዘኑ አድርጌ፣ በሳቸው ስም፣ ዝምታ ላክሁለት። ያኔ የታየኝ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከደረስን ሁሉም ነገር በወጉ ይሆናል። ዕቃውን በወጉ ላስቀምጥ ስትል ከእጇ ጥላ እንደምትሰብር ሰው።

ሐሙስ እሑድ የሚለብሱትን ሸሚዝ እንድተኩስላቸው አዘዙኝ፤ ተኮስኩት።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ ጥፍራቸውን እየቆረጥኩ ነበር። ቪዲዮው የሚከፈትበት መልእክት መጣና ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አንዴ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ። ሴትዮዋ "አንሺው እንጂ" አሉኝ። "ግድ የለም" አልኩና አጠፋሁት። ስለ ቀይ ባሕር ሙቀት ያወሩኝ ጀመር፤ ከመርከቡ ወለል ላይ ሙቀቱ በጫማ ውስጥ ይሰማ እንደነበር። የአንድ እግራቸውን ጨርሼ ሌላውን ስይዝ ሆላንድ ውስጥ እህታቸውን ወደ ጉድጓድ እያወረዱ ነበር። ያንን አውቃለሁ፤ ሰዓቱን ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ብናገር ግማሹ ይተርፍ ነበር።

ቅዳሜ ማልደን ሄድን። አክስቴ ጥቁር ለብሳ፣ ሾርባና ዳቦ በድስት ቋጥራ፤ ጋሼ ከነሱፋቸው፤ እኔ ከኋላ። ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ሦስታችንንም ሲያዩ ደስ አላቸው። ቅዳሜ ሰው መጥቶላቸው አያውቅም። የመርከቡን ታሪክ ሊሰሙ መጡ መሰላቸውና ቶሎ ብለው ፎቶግራፉን ከግድግዳ አወረዱ። አክስቴ በእንግሊዝኛዋ "በቅድሚያ ትንሽ ይብሉ፣ እባክዎን" አለቻቸው። ግራ ገብቷቸው፣ ለሰው ክብር ብለው፣ ዳቦውን በሾርባ እየነከሩ ጥቂት በሉ። እየበሉም ለጋሼ የመርከቡን ጭስ ማውጫ በጣታቸው ያሳዩዋቸው ነበር። እኔ ማንኪያቸውን እያየሁ ነበር። ሾርባው ባያልቅ ብዬ ለመንኩ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሁላችንም በዚህ ምድር መንገደኞች ነን" ብለው ጀመሩ።

ሴትዮዋ ማንኪያውን አስቀመጡ። ጋሼን አላዩም፤ አክስቴንም አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

"እህቴ ናት?" አሉ።

"አዎ" አልኩ።

አክስቴ እንደ ወጉ ተነስታ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል እጃቸውን ሰበሰቡ። "አትንኪኝ" አሉ፤ ጮኸው አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"መቼ?"

"ማክሰኞ።"

"ቀብሩስ?"

"ትናንት። ጠዋት ሦስት ሰዓት።"

እግራቸውን ቁልቁል አዩት። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረጉት፤ ጥፍሮቻቸው ንጹሕ ሆነው ይታያሉ።

"ልጇ፣ የምትለው ቃል ካላት ላንብብላት አላለም?" አሉኝ። የሰው ልጅ አንዳንዴ ከየት አምጥቶ እንደሚያውቅ አላውቅም።

"ብሎ ነበር" አልኩ።

"ምን አልሽው?"

"መናገር አይችሉም አልኩት።"

መብራቱ ሥር የቆመውን ካርድ አዩ። ከዚያ ሦስታችንንም በየተራ አዩን፤ ጋሼን፣ አክስቴን፣ እኔን። "ዳቦውን ስበላ ሦስታችሁም ታውቁ ነበር" አሉ። አክስቴ አለቀሰች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው፤ ሴትዮዋን ቀድማ የምታውቃቸው ይመስል።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አሉኝ።

"አርባ አራት" አልኩ፤ ቅጽ እንደምሞላ ሰው።

"እህቴ አሥራ ሦስት ነበረች" አሉ።

እንድንወጣ የነገሩን ያኔ ነው። አክስቴ ድስቱን ትታ ልትወጣ ስትል "ይሄንንም" አሏት። በባቡር ስንመለስ ጋሼ ፈረንጅ ሐዘን አያውቅም አሉ። አክስቴ ድስቱን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። እህትማማቾቹ ሊገናኙበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ የተተኮሰው ሸሚዝ ትዝ አለኝና ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆምኩ። ለእህታቸው ልጅ እውነቱን በሙሉ ጽፌ ላክሁለት። ከሰዓት መለሰልኝ። እናቱ ስለዚያ ቀን ለእሱም ምንም ነግራው እንደማታውቅ፣ ለእህቴ ብቻ ነው የምናገረው ትል እንደነበር ጻፈልኝ። በቁጣ አልጻፈም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ መስመሮች እንግዲህ ባዶ ሆነው ቀሩ። ያ በእኔ ጥፋት አይደለም፤ ማክሰኞ ብነግራቸውም ባዶ ነበሩ። ቃሉ ግን ነበረ፤ ጉድጓዱም ክፍት ነበር። ያንን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ከመሥሪያ ቤቴ ወደዚያ እንዳልሄድ ተነገረኝ። ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ መጥተው ከበሩ ወዲያ ቆሙ። አልከፈቱም። ምን እንደምል አስቤ መጥቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝና "እኔ ነኝ" ብቻ አልኩ።

"ማክሰኞ ስልኩ ሲደወል" አሉ ከውስጥ፣ "እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?"

"ምሳ ላይ ነበሩ።"

"ምን እያልኩ?"

"ስለ ዳኛው ሚስት። ስለ ቅቤው።"

"እየሳቅሁ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። "በጣም እየሳቁ ነበር።"

ሄደው ሲመለሱ ሰማሁ፤ ከበሩ ሥር አንድ ነገር ወጣ። ካርዱ ነው፤ የእኔ ጽሕፈት ያለበት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። አሁን ገብቶኛል።

"ውሰጂው" አሉ። "የሚሰጠው ሰው የለም።" እግራቸው እየተጎተተ ሲርቅ ሰማሁ። ዳግመኛ አላየኋቸውም። ሌላ ሠራተኛ እንደተላከላቸው ሰምቻለሁ፤ እሷን መጠየቅ ፈርቼ እስካሁን አልጠየቅሁም።

ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ባቡር አሳለፍኩ። ካርዱ እጄ ላይ ነው። ሌላ ሰው ልወቅስ ፈልጌ ነበር፤ አክስቴን፣ ጋሼን፣ ሥርዓቱን፣ ፋርማሲው ነው ያለችውን የገዛ ምላሴን። ሳስብ ሳስብ ግን የመጣብኝ ያ ካፖርት ነው፤ እጅጌው በአንዲት ልጅ ክንድ ላይ ተዘርግቶ። ሦስተኛው ባቡር ሳይደርስ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደወልኩ።

"አባዬ የሞተው ምን ቀን ነበር?" አልኩት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

"ምነው? ደኅና አይደለሽም?"

"ቀኑን ንገረኝ።"

"ሐሙስ" አለ። "ሐሙስ ጠዋት። ምን ሆነሽ ነው?"

ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ቀን አላውቀውም ነበር። ያዘንኩት በተረዳሁበት ቅዳሜ ነው፤ በየዓመቱም የማስታውሰው ያንኑ ቅዳሜ ነው።

"ሹራቡ ሲደርሳችሁ ከተቀበረ ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር?"

ከወንድሜ በስተኋላ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። "ወር አልፎት ነበር" አለ።

"ልክ ሆነለት ያልከኝ አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ለብሼ ለካሁት" አለኝ። "ቁመታችን አንድ አይደል? ጨርሶ ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።"